የፀሐይንና የውቅያኖስን የጥንት መዝገብ እንዴት እናመሳክር?

ከሺህ ዓመታት በፊት የፀሐይ ጉልበት ከፍና ዝቅ ሲል ውቅያኖሱም አብሮ ይሞቅና ይቀዘቅዝ እንደ ነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት መዝገቦች ያስፈልጉታል፤ አንዱ የፀሐይ፣ ሌላው የባሕር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ዕድሜያቸውን ማስማማቱ ነው።

በመጀመሪያ የፀሐይን መዝገብ ይምረጡ። የሳተላይት ልኬት ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን ብቻ ይሸፍናል፤ በቴሌስኮፕ የታዩት የፀሐይ ነጠብጣቦችም (ፀሐይ ስትበረታ በገጽታዋ ላይ የሚበዙት ጥቋቁር ምልክቶች) ከ1610 አካባቢ ወደ ኋላ አያልፉም። ከዚያ በፊት ላለው ዘመን በዛፍ ቀለበቶች ውስጥ የሚገኘውን ካርቦን 14 እና በግሪንላንድና በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የተቀበረውን ቤሪሊየም 10 መጠቀም ግድ ይላል። ፀሐይ ስትዳከም መግነጢሳዊ ከለላዋ ስለሚሳሳ ከጠፈር ወደ ከባቢ አየር የሚገባው ኮስሚክ ጨረር ይበዛል፤ ጨረሩ የሚፈጥራቸው የእነዚህ ንጥረ ነገሮች መጠንም ይጨምራል፤ ስለዚህ በግራፉ ላይ የሚታየው ከፍታ የደካማ ፀሐይ ምልክት ነው። ካርቦን 14 የውቅያኖሱ ዝውውር ሲለወጥም ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ባሕሩ ራሱ ያመጣውን ለውጥ በፀሐይ ላለማሳበብ ከቤሪሊየሙ ጋር የተስማማበትን ዘመን ብቻ ይያዙ።

ቀጥሎ የባሕሩን መዝገብ ያንብቡ። የባሕር ደለል ተመራማሪው ጄራርድ ቦንድና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ተንሳፋፊ በረዶ ተሸክሞ በሰሜን አትላንቲክ ወለል ላይ የጣላቸውን፣ አንዳንዶቹ በብረት ኦክሳይድ የቀሉ ጥቃቅን የድንጋይ ቅንጣቶችን ከደለል ውስጥ ለይተው ቆጠሩ፤ የቅዝቃዜ ምልክት የሆኑት ቅንጣቶች በ1,500 ዓመት ገደማ ልዩነት እየበዙ እንደሚመጡና ይህም ፀሐይ ከተዳከመችባቸው ዘመናት ጋር እንደሚገጥም ጻፉ። ጥናቱ ዝነኛ ቢሆንም የዑደቱ መደበኛነት ከዚያ ወዲህ ብዙ አከራክሯል፤ እኔም ለመነሻ እንጂ ለመደምደሚያ አልመርጠውም።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የደለሉ ዕድሜ የሚገመትበት የባሕር ዛጎል በካርቦን 14 ሲለካ ከእውነተኛ ዕድሜው በአማካይ 400 ዓመት ያህል አርጅቶ ይታያል፤ ልዩነቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደ ተቀነሰለት ይጠይቁ። ደለሉ በሺህ ዓመት 10 ሴንቲሜትር የሚከማች ከሆነ አንድ ሴንቲሜትር የመቶ ዓመት ታሪክ ነው፤ በዚያ ላይ የወለሉ ትላትሎች ያምሱታል፤ በእንዲህ ያለ ደለል ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ የምትበረታበትንና የምትዳከምበትን ዑደት አየሁ የሚልን ሰው ማመን አይገባም። ከሁሉ የከፋው ግን የደለሉን ዕድሜ ከፀሐይ ግራፍ ጋር እስኪገጥም ድረስ ገፋ ሳብ አድርጎ፣ መግጠሙን መልሶ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ ከሳሹ ራሱ ዳኛ የሆነበት ችሎት ማለት ነው።

መጠኑንም ያስሉ። ወደ ምድር የሚደርሰው የፀሐይ ኃይል በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ገደማ ሲሆን፣ በ11 ዓመቱ ዑደት የሚለዋወጠው 0.1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ውጤት የሚነግርዎት ሰው ለውጡን ያጎላው ምን እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ አልትራቫዮሌት ጨረር በኦዞን በኩል ነፋሳትን እንዴት እንደ ቀየረ፣ ማስረዳት አለበት።

በመጨረሻም፣ እሳተ ገሞራም ምድርን ስለሚያቀዘቅዝ፣ የእርሱን ድርሻ ይለዩ። በኢንዶኔዥያ በ1257 የሳማላስ፣ በ1815 የታምቦራ ፍንዳታዎች በበረዶው ውስጥ የሰልፈር አሻራ ጥለዋል፤ ነጠብጣቦች እጅግ ያነሱበት ከ1645 እስከ 1715 ያለው ዘመንም ከፍንዳታዎች ነፃ አልነበረም። ከትልልቅ ፍንዳታዎች በኋላ ያሉትን ዓመታት አውጥተው የፀሐይንና የባሕሩን ዝምድና እንደገና ያስሉ፤ ከጠፋ ቅዝቃዜው የፀሐይ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።