ሃቭ ወይስ ሃዝ? ደጋግሞ የሚመጣው ችግርና መፍትሄው

በእንግሊዝኛ «አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዜይ» ከሃቭ (have) ጋር፣ «ሂ፣ ሺ፣ ኢት» ከሃዝ (has) ጋር እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ። እዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋም። እዚህ የማነሳው ይህን ሠንጠረዥ በቃሉ የሚወጣ ሰው ሲጽፍና ሲናገር ለምን እንደሚሳሳት ነው።

ምልክት፦ «ማይ ሲስተር ሃቭ ስሪ ችልድረን።»

ከማርማቸው ጽሑፎች ውስጥ ይሄ የማይገኝበት ጥቂት ነው። ተማሪው «ደንቡ ጠፋብኝ» ይላል። አልጠፋበትም። ምክንያቱ አማርኛችን ነው። «እህቴ ሦስት ልጆች አሏት» ስንል «አሏት» ያልነው ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ቢሆን «አላት»፣ አንዲት ሴት ልጅ ብትሆን «አለቻት» እንላለን። ግሱ የሚከተለው ያላትን ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቷን ብቻ ነው የሚያየው።

መፍትሄ፦ ከግሱ በኋላ ያለውን ሁሉ በእጃችሁ ሸፍኑት። «ማይ ሲስተር» ብቻ ትቀራለች። አንድ ሰው ናት፣ ስለዚህ ሃዝ። ልጆቿ አሥርም ቢሆኑ ሃዝ ነው። «ማይ ፓረንትስ ሃቭ ዋን ሃውስ» ላይ ደግሞ ቤቱ አንድ ቢሆንም ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፣ ስለዚህ ሃቭ።

አንዲት ጎበዝ ተናጋሪ የሥራ ማመልከቻዋን አሳየችኝ። አንድ ቦታ «ዘ ካምፓኒ ሃቭ ሜኒ ብራንችስ»፣ ዝቅ ብሎ «ማይ ፓረንትስ ሃዝ ኤ ስሞል ሾፕ» ይላል። «እንግሊዝኛ ዝም ብሎ ያምታታል» አለች። ከየግሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል እንድታሰምርበት አደረግኩ። ቅርንጫፎቹ ብዙ፣ ሃቭ። ሱቁ አንድ፣ ሃዝ። ስህተቷ ፍጹም ሥርዓት ነበረው፤ የአማርኛው ሥርዓት። ያን ቀን ገባት።

ተጠንቀቁ! «ዘ ማናጀር ኦቭ ዚዝ ሾፕስ» ላይ ሱቆቹ ግሱ አጠገብ ስለተቀመጡ ያታልላሉ። ከ«ኦቭ» በኋላ ያለውንም ሸፍኑት። ማናጀሩ አንድ ነው፣ ሃዝ።

ምልክት፦ «ዳዝ ሺ ሃዝ ኤ ካር?» ወይም «ሺ ዳዝንት ሃዝ ታይም።»

ምክንያቱ አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ዳዝ ራሱ «ሺ»ን አመልክቷል። ዳዝ ከገባ ሃዝ ይወጣል፦ «ዳዝ ሺ ሃቭ»፣ «ሺ ዳዝንት ሃቭ»። ከካን፣ ከዊልና ከመስት በኋላም ሁልጊዜ ሃቭ ነው። ጥያቄና አሉታ የሌለበትን ሠንጠረዥ «ሙሉ ትምህርት» ብለው የሚያድሉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። ሰው የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው። «ለጆሮዬ ጥሩ መሰለኝ» የሚል መልስም አልቀበልም። የለመደ ጆሮ ስህተቱንም ይለምዳል።

ምልክት፦ «ኢን ዘ ሩም ሃዝ ቱ ቴብልስ።»

«አለ» በአማርኛ ለመኖርም ለመያዝም ያገለግላል። ሃቭ ግን ለመኖር አያገለግልም፣ ባለቤትም ይፈልጋል። ወይ ክፍሉን ባለቤት አድርጉት፦ «ዘ ሩም ሃዝ ቱ ቴብልስ»። ወይ ሃቭን ትታችሁ «ዜር አር ቱ ቴብልስ ኢን ዘ ሩም» በሉ።

«አይ አም ሃቭ» ካላችሁ «አም»ን አውጡት፣ አለቀ።

«አይ አም ሃቪንግ ኤ ካር» አይባልም፤ ንብረት ሲሆን «አይ ሃቭ» ነው። ምሳ ላይ ከሆናችሁ ግን «ዊ አር ሃቪንግ ላንች» ትክክል ነው።

«ኤቭሪዋን» ሁሉንም ሰው ቢያጠቃልልም ሃዝ ይወስዳል። «ፒፕል» እና «ዘ ፖሊስ» ሃቭ።

አንዳንዴ የሚያጋጥም፦ «ግዴታ አለብኝ» ለማለት የሚገባው «ሃቭ ቱ» በፍጥነት ሲነገር «ሃፍ ቱ»፣ «ሃዝ ቱ» ደግሞ «ሃስ ቱ» ይመስላል። ሌላ ቃል አይደለም። ስትጽፉ በተለመደው ፊደሉ ጻፉት።