ጎጃም ያለችው ተክሰን፦ ከአሜሪካ ተክሰን ላይ የተነሳ ካምቢዮ ከሩቅ እንዴት ይያዛል?

ውጭ አገር ሆናችሁ፣ ቤተሰብ እንዲገለገልባት ብላችሁ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያስቀመጣችኋት መኪና በፈረንጆቹ ከ2016 እስከ 2018 የተሠራች የአሜሪካ ሂዩንዳይ ተክሰን ናት እንበል። መጀመሪያ የሞተሯን ልክ እዩ። 2.0 ከሆነች ተራ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ስለሆነች ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። 1.6 ቱርቦ ከሆነች ግን ካምቢዮዋ ሌላ ነው፤ ባለ 7 ማርሽ ዱዋል ክላች ይባላል። ሂዩንዳይ አሜሪካ ውስጥ ይህን ሞተር ከነካምቢዮው ከ2019ኟ ተክሰን ላይ አንስቶታል።

ይህ ካምቢዮ ውስጡ ሲታይ ማንዋል ነው። ልዩነቱ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ሁለት መሆኑ ነው፤ የሚረግጠውም የሹፌሩ እግር ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። አንዱ ፍሪሲዮን 1፣ 3፣ 5 እና 7ን ይይዛል፣ ሌላው 2፣ 4 እና 6ን። ሁለቱም ደረቅ ናቸው፣ ዘይት ውስጥ አይነከሩም። ስለዚህ ሲንሸራተቱ ቶሎ ይግላሉ። አገር ቤት ያለው ሰው ግን የሚያየው የአውቶማቲክ ማርሽ እጀታ ነው። ክላች ፔዳል የለም፣ ስለዚህ «አውቶማቲክ ናት» ብሎ ይነዳታል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደጀን በኩል ጎጃም የሚገባ ሰው የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት ግድ ይለዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ሽቅብ። አሁን ሽቅቡ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ከፊት ሲያዘግም አስቡት። ሹፌሩ ነዳጁን በትንሹ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ እያደረገ ይከተለዋል። በዚያ ፍጥነት ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይይዝም፣ ግማሹን እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ማንዋል መኪና ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ቆሞ እንደሚቃጠለው ማለት ነው፤ የዚህኛው ሽታ ግን አውቶማቲክ ናት ብሎ ለሚነዳት ሰው ምንም አይነግረውም። ትንሽ ቆይቶ ትንቀጠቀጣለች፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ከዚያ ከቆመችበት አልነሳም ትላለች። በ2016ቷ ሞዴል ላይ ኩባንያው ራሱ በዚሁ ጠባይ የተነሳ ለሶፍትዌር ማስተካከያ መኪኖቹን መልሶ ጠርቷል። የእናንተ መኪና ያ ማስተካከያ ተደርጎላት እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሯ ኢንተርኔት ላይ ማየት ይቻላል። ይህን እናንተው እዚያው ሆናችሁ በነፃ ትጨርሱታላችሁ።

ለሹፌሩ የምትነግሩት ብዙ አይደለም። ከጭነት መኪና ኋላ ሲሆን ተጠግቶ አይከተል፤ ይቁም፣ ፊቱ ያለው ይራቅ፣ ከዚያ ሳያመነታ ይነሳ። ዳገት ላይ በነዳጅ አያቁማት፣ በፍሬን ይያዛት። ማስጠንቀቂያው ሲበራ ጥግ ይያዝ፣ እጀታውን ፒ ላይ ያድርግ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ትቀዝቅዝ። ቁልቁሉን ደግሞ እጀታውን ወደ ጎን ገፍቶ በማንዋል፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ይውረድ። ይህን በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩ። ዳታ በሌለበት ቀን ደግሞ ደውላችሁ አስረዱ። ጎጃም ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ማንዋል ስለለመደ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። (ቱርቦው ግን ለደጋው ጥሩ ነው። ማርቆስ ከፍታ ላይ ሌላው ሞተር ሲደክም ይህቺ ብዙም አይሰማትም።)

ዘይት ላይ አንድ ቃል። ጋራዡ «አውቶማቲክ ናት» ካለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሞላባታል። ስህተት ነው። የምትወስደው የማንዋል ዓይነት የማርሽ ዘይት ነው። ትክክለኛውን ከመኪናዋ መመሪያ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው።

አሁን ያ የታወቀው ስልክ መጣ እንበል። «ጋሼ፣ ካምቢዮው ተበልቷል ብሏል ሜካኒኩ። ብር ላክልን።» ብር ከመላካችሁ በፊት የባትሪው አቅም ይለካ፤ ባትሪ ሲደክም ኮምፒውተሩ የሌለ ጥፋት ያወራል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የመዘገበው የጥፋት ኮድ ይነበብ። ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽ ኮድ አንባቢ ርካሽ ነው፤ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ስጡትና ኮዱን ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ኮድ ሳይታይ ካምቢዮ አይፈታም በሏቸው፣ ቆፍጠን ብላችሁ። የጎጃም ሜካኒክ እጁ አይታማም፤ ማንዋል ካምቢዮ ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥማል። የዚህች ፍሪሲዮን ግን ሲቀየር ልዩ መፍቻ ይፈልጋል፣ ከተገጠመ በኋላም ኮምፒውተሩ አዲሱን ፍሪሲዮን እንዲለምደው በማሽን ማስተማር ያስፈልጋል። ማሽኑ በሌለበት ቦታ ከተፈታች ሁለተኛ ጊዜ መፈታቷ አይቀርም። ማሽኑም ያለው፣ ይህን ዓይነት ካምቢዮ ሠርቶ የሚያውቅም ጋራዥ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ፈልጉ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ ተጭና ትሂድ። በገመድ አትጎተት።

ዕቃው ላይ የእናንተ ብልጫ ይታያል። አዲስ አበባ የመለዋወጫው ገበያ ሶማሌ ተራ ለቪትዝና ለኮሮላ የማይገኝ ነገር የለም፣ ለዚህች ግን ያለው ጥቂት ነው፤ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠምም ከኮምፒውተሩ ጋር ያጣላል። አሜሪካ ውስጥ ግን የዚህ ካምቢዮ ዘመዶች በኮና 1.6 ቱርቦና በቬሎስተር ቱርቦ ላይ ስለነበሩ ፍሪሲዮኑ አሁንም ይሸጣል። ዘመድ ነው ብላችሁ ግን በግምት አትግዙ። ከሊብሬውና ከበሩ ፍሬም ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አስነሱ፣ በእሱ የዕቃውን ቁጥር አስወጡ። ፍሪሲዮኑን ከሚገፉት ሹካዎች ጋር አንድ ላይ ግዙ። ክብደት ስላለው የ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ሌላ ብዙ አትጠቅጥቁ። ደረሰኙ ከዕቃው ጋር ይሁን፣ ጉምሩክ ይጠይቃል።

ወረቀቱን በአጭሩ። ሊብሬው በስማችሁ ከሆነ ቦሎ ለማደስም፣ ኢንሹራንስ ለመግባትም ውክልና ያስፈልጋል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ላይ ትፈርማላችሁ፣ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። በደፈናው የተጻፈ ውክልና በሕጉ የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው። መሸጥን የምትፈቅዱ ከሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ የማትፈቅዱ ከሆነም እንደማትፈቅዱ ይጻፍ። ወንድምና እህት የሚቀያየመው እዚህች መስመር ላይ ነው።

ልሽጣት ካላችሁም ገበያ አታጡም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ አገር ውስጥ ያለች ቤንዚን መኪና ተፈላጊ ናት። ፍሪሲዮኑ ተቀይሮ ከሆነ ደረሰኙንና የኮድ ንባቡን ለገዥው አሳዩ፣ ዋጋ ሲደራደር ይጠቅማችኋል። ደላላው «ፉል አውቶማቲክ» ብሎ ሊለጥፋት ሲል ግን አስቁሙት፤ ዱዋል ክላች መሆኗ ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ።