የፋይበር ኮኔክተር ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና ወደ መፍትሄው

የፋይበር ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው የውጭው ገመድ መቆረጡን ነው። ገመዱ ደህና ሆኖ ብርሃኑ የሚባክነው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ጫፎች በሚገናኙበት ኮኔክተር ላይ ነው፤ ሲንግል ሞድ በሚባለው፣ ለቤት ኢንተርኔት በሚውለው የፋይበር ዓይነት ብርሃን የሚያልፍበት እምብርት 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በዓይን የማይታይ የአቧራ ቅንጣት እንኳ ሊጋርደው ይችላል። ማንኛውም ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ በመስመሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን በዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ይጎዳል። ስለዚህ የተነቀለን ጫፍ ወደ ዓይን አቅርቦ መመልከት ፈጽሞ አይገባም።

ምልክት፦ ቀዩ የሎስ መብራት በርቷል

በኦኤንቲው፣ ማለትም በተለምዶ ሞደም በሚባለው ሳጥን ላይ፣ ይህ መብራት ሲበራ ወይም ብልጭ ድርግም ሲል ብርሃኑ አልደረሰም ወይም መሣሪያው ሊያነበው ከሚችለው በታች ደክሟል ማለት ነው። መጀመሪያ ኮኔክተሩ «ቀጭ» ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ መግባቱን፣ ቀጥሎም ገመዱ ከሶፋ ወይም ከበር ሥር ተጨፍልቆ ወይም በጠባቡ ታጥፎ እንዳልሆነ ያረጋግጡ። ከዚህ ካለፈ ሥራው የፓወር ሜትር፣ ማለትም የብርሃን ኃይል መለኪያው ነው። ጂፖን በሚባለው የቤት ፋይበር መስመር ላይ የተለመደው የቢ ፕላስ ክፍል ኦኤንቲ እስከ -27 ዲቢኤም ድረስ ያነባል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ብርሃኑ ደካማ ነው። ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት -19 ተነቦ ሶኬቱን ከኦኤንቲው በሚያገናኘው አጭር ገመድ፣ በፓች ኮርዱ ማብቂያ -25 ቢመጣ፣ ስድስቱ ዴሲቤል የጠፋው በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ ስለሆነ የውጭውን መስመር መወንጀል አይቻልም፤ ጤናማ ፓች ኮርድ ከነኮኔክተሩ ከአንድ ዴሲቤል ያነሰ ነው የሚወስደው። ግድግዳው ላይም ምንም ካልተነበበ ግን ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ነው።

ምልክት፦ አዲስ ገመድ ከተቀየረ በኋላ ብርሃኑ ደከመ

ይህ ከሁሉም የሚያሳስት ችግር ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተው ኮኔክተር ያለምንም ግትርነት ይገባል። ኤስሲ የሚባለው አራት ማዕዘን ኮኔክተር በሁለት ዓይነት አሞራረድ ይሠራል። ሰማያዊው ዩፒሲ ሲሆን ጫፉ ቀጥ ብሎ በትንሹ ተሞልሙሎ የተወለወለ ነው። አረንጓዴው ኤፒሲ ደግሞ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተሞረደ ነው፤ ሰያፍነቱ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ወደ ላኪው ከመመለስ ይልቅ ከእምብርቱ ያስወጣዋል። አረንጓዴው ከሰማያዊው ጋር ሲገጠም ሁለቱ ጫፎች በሙሉ ገጻቸው አይነካኩም። በመካከላቸው የአየር ክፍተት ይቀራል፣ ብዙ ዴሲቤል ይባክናል፣ ነጸብራቁም ይጨምራል፤ ከዚህም በላይ በአግባቡ ሳይገጥሙ የሚነካኩት ጫፎች ሊጫጫሩ ይችላሉ።

መፍትሄው ሁለቱንም ወደቦች አይቶ ገመድ መግዛት ነው። ወደ ሱቅ ሄዶ «የኢንተርኔት ፋይበር ገመድ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ጫፍ ቅርጽና ቀለም መናገር ያስፈልጋል፣ ለምሳሌ «በአንድ በኩል ኤስሲ ኤፒሲ፣ በሌላው ኤልሲ ዩፒሲ፣ ሲንግል ሞድ» በማለት፤ ኤልሲ ከኤስሲ ያነሰው ኮኔክተር ነው። የቤት ኦኤንቲ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ቢሆንም ሰማያዊ ወደብ ያላቸውም አሉና በልማድ መገመት አይገባም። ሁለቱ ተገጣጥመው የቆዩ ከሆነ ደግሞ የተጫረውን ጫፍ ማጽዳት አያድነውም፤ መቀየር ነው።

ምልክት፦ ኢንተርኔቱ አለ፣ ግን ይቆራረጣል

ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ቆሻሻ ነው። የጣት ወዝ፣ የልብስ ብናኝ፣ የግንባታ አቧራ ሁሉ በሴራሚኩ ጫፍ ላይ ይጣበቃሉ፤ ኮኔክተሩ በተደጋጋሚ ሲነቀልና ሲሰካ ቅንጣቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ተፈጭቶ መስታወቱን ይቦጭራል። የሚገርመው፣ እንዲጠብቅ የተሠራው የፕላስቲክ ክዳን ራሱ ጫፉን የሚያቆሽሽበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ከፌስታሉ የወጣ አዲስ ገመድም ቢሆን ሳይጸዳ አይሰካም።

በመጀመሪያ በደረቁ ያጽዱ። ለኤስሲ የ2.5 ሚሊሜትር፣ ለኤልሲ የ1.25 ሚሊሜትር የጽዳት ብዕር አለ። በደረቁ ካልለቀቀ ብናኝ በማይተው መጥረጊያ ላይ ጥቂት 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ አድርገው በአንድ አቅጣጫ ይጥረጉና ወዲያው በደረቅ ያድርቁት። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ገጹ ላይ ጭጋግ ይተዋል። በአፍ እፍ ማለትና በሸሚዝ ጠርዝ መጥረግ ይቅር። በወደቡ ውስጥ ያለው ጫፍም እንዲሁ መጽዳት አለበት፤ አንዱን ብቻ አጽድቶ መሰካት ንጹሑን መልሶ ማቆሸሽ ነው። የፋይበር ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ከጽዳቱ በፊትም በኋላም ይመልከት።

ጽዳቱ ካላስወገደው፣ በተለይም ችግሩ ሙቀት ሲበረታ ወይም ገመዱ ሲነካ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ በቦታው የተገጠመው ፈጣን ኮኔክተር ይጠርጠር። በውስጡ ፋይበሩ የሚያዘው በመቆንጠጫ፣ ክፍተቱ የሚሞላውም በጄል ነው፤ አቆራረጡ ሸካራ ከነበረ ወይም ገመዱ ከተጎተተ ጫፎቹ ይራራቃሉ። እንደገና ቆርጦ መግጠም ይቻላል፤ የስፕላይስ ማሽን ካለ ግን በፋብሪካ የተወለወለ ፒግቴል (በአንድ ጫፉ ብቻ ኮኔክተር ያለው አጭር ፋይበር) በስፕላይስ፣ ማለትም ፋይበሮቹን አቅልጦ በማጣበቅ፣ ማያያዝ የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

ምልክት፦ በመሥሪያ ቤት ሁለት የኔትወርክ ስዊቾች አይገናኙም

በጥንድ ኤልሲ ላይ የአንዱ ላኪ ወደ ሌላው ተቀባይ መድረስ አለበት፤ በአንደኛው ጫፍ ሁለቱን ገመዶች አቀያይሮ መሞከር በደቂቃ የሚያልቅ ፍተሻ ነው። ካልሆነ ሞጁሉንና (ስዊቹ ላይ የሚሰካውን የብርሃን ላኪና ተቀባይ) ገመዱን ያመሳክሩ። ቢጫ ገመድ ሲንግል ሞድ ነው፤ ብርቱካናማውና ውሃ ሰማያዊው መልቲሞድ ናቸው፣ እምብርታቸውም 50 ወይም 62.5 ማይክሮን ነው። ለመልቲሞድ የተሠራው የ850 ናኖሜትር ሞጁል በቢጫ ገመድ ላይ በአግባቡ አይሠራም። በአንድ ፋይበር የሚሠሩ የባይዳይ ሞጁሎች ደግሞ ተቃራኒ ጥንድ መሆን አለባቸው፦ አንዱ በ1310 ናኖሜትር ልኮ በ1490 የሚቀበል ከሆነ ሌላው የዚህ ግልባጭ ነው። ለ80 ኪሎሜትር የተሠራ ሞጁል በአንድ ክፍል ውስጥ በአጭር ገመድ ሲገናኝ ብርሃኑ በዝቶ ተቀባዩን ሊያበላሽ ስለሚችል ብርሃኑን የሚያደክም አተንዌተር ይገባበት።

በቆዩ ሕንጻዎች የሚገኙት ተጠማዝዞ የሚቆለፈው ኤስቲና በጥርስ የሚጠብቀው ኤፍሲ ጤናማ እስከሆኑ ድረስ መነቀል የለባቸውም፤ ከፋይበሩ ዓይነት ጋር የሚስማማ፣ በአንድ ጫፉ የእነሱ፣ በሌላው ኤልሲ ያለው ፓች ኮርድ ይበቃል።