መጽሐፍዎን በራስዎ ሲያሳትሙ በጥራዝ፣ በወረቀትና በሽፋን ምርጫ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጽሐፉ ተጽፎ አልቋል። አርትዖቱም ተጠናቋል። ደራሲው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ግን ያላሰባቸው ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ስንት ግራም ወረቀት? በምን ይጠረዝ? ሽፋኑ ማት (የማያብረቀርቅ) ይሁን ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ)? ስንት ኮፒ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እናንተ እንደሚሻል አድርጉት» ብሎ ይወጣል። ማተሚያ ቤቱም እጁ ላይ ባለው ወረቀት አትሞ፣ የለመደውን ጥራዝ ጠርዞ ያስረክባል። በዚህ ማተሚያ ቤቱን መውቀስ አይቻልም። መጽሐፉ በማን እንደሚነበብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚገለጥ፣ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እነዚህ ምርጫዎች አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የመጽሐፉ ቁመትና ስፋት የገጹን ብዛት ይወስናል። የገጹ ብዛትና ወረቀቱ ተደምረው ውፍረቱን ይሰጣሉ። ውፍረቱ ካልታወቀ ደግሞ ሽፋኑ ሊጠናቀቅ አይችልም። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

ሽፋኑን ቀድሞ መጨረስ

ደራሲ ለሽፋን ቢቸኩል አይገርምም። መጽሐፉ እውን ሆኖ የሚታየው ያኔ ነው። የፊት ሽፋኑን ብቻ አሠርቶ ለማስታወቂያ መጠቀምም ችግር የለውም። ችግሩ ሙሉውን ሽፋን ቀድሞ ማጠናቀቅ ነው።

የለስላሳ ሽፋን መጽሐፍ ሽፋን የሚታተመው በአንድ ወጥ ወረቀት ላይ ነው። የኋላው፣ ስፓይኑና የፊቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስፓይን የሚባለው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ጠባቡ ጎን ነው። ስፋቱን ለማወቅ ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ቅጠል ሁለት ገጽ ስለሆነ 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው። የአንዱ ቅጠል ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ ስፓይኑ 12 ሚሊሜትር ይሆናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግራሙን አይተው ውፍረቱን ያወቁ ሲመስላቸው ነው። ግራም የሚነግረን የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀትን ክብደት እንጂ ውፍረቱን አይደለም። ሁለቱም 80 ግራም ሆነው አንዱ 0.1፣ ሌላው ጠጣር ያልሆነ የመጽሐፍ ወረቀት ደግሞ 0.13 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ሲታተም ያው 240 ገጽ ወደ 15.6 ሚሊሜትር ይሄዳል። ለ12 ሚሊሜትር የተሠራ ሽፋን ለዚህ አይሆንም። ርዕሱ ከመሃል ይሸሻል፤ የፊት ሽፋኑ ሥዕልም ወደ ጎን ይጠመዘዛል።

ስለዚህ ማተሚያ ቤቱን የሚጠቀምበትን ወረቀት ውፍረት በቁጥር ይጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው የገጽ ብዛት ምንም ያልታተመበት ባዶ ናሙና ያስጠርዙ። በእጅ ይዞ መለካትን የሚያህል ነገር የለም። ለዲዛይነሩም አንድ ነገር ይንገሩት፤ የፊት ሽፋኑና ስፓይኑ በሁለት የተለያዩ ቀለሞች ጠርዝ ላይ ልክክ ብለው እንዲገናኙ አያድርግ። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም በጥረዛ ጊዜ ትንሽ ፈቀቅ ማለት አይቀርም፤ በሁለት ቀለም መገናኛ ላይ ደግሞ ፈቀቅታው ወዲያው ይታያል። መጽሐፉ ቀጭን ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ80 ገጽ ካነሰ፣ ስፓይኑ ላይ ጽሑፍ ባይኖር ይሻላል።

ጥራዝን በዋጋ ብቻ መምረጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሽፋን አንባቢን ይጠራል፤ መጽሐፉን ለዓመታት የሚያቆየው ግን ጥራዙ ነው። ቅጠሉ የሚረግፍ መጽሐፍ ለጸሐፊውም ለአንባቢውም ያሳዝናል።

በሽቦ የሚሰፋው፣ እንደ መጽሔት መሃሉ ላይ ሁለት ሽቦ የሚገባበት፣ ለቀጭን ሥራ ጥሩ ነው። የገጹ ቁጥር ለ4 መካፈል አለበት። ወደ 64 ገጽ ሲጠጋ ግን መጽሐፉ አልዘጋ ማለት ይጀምራል። የመሃሉ ቅጠሎች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሲከረከሙም ከሌሎቹ ይልቅ ይጠባሉ።

በብዛት የሚታየው በኮላ የሚጣበቀው ጥራዝ ነው። የቅጠሎቹ ጀርባ ተልጎ ኮላ ይቀባል፤ ሽፋኑ ይለበጥበታል። ደራሲዎች የማይጠይቁት ጥያቄ «ኮላው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ኢቪኤ የሚባለው በሙቀት ቀልጦ የሚቀባ ነው። ወዲያው ይደርቃል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን በብርድ ይሰባበራል፣ በሙቀት ይላላል፣ አርት ፔፐር በሚባለው አንጸባራቂ ወረቀት ላይም በደንብ አይይዝም። ፒዩአር የሚባለው ደግሞ ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው የሚጠነክረው። እስከ 24 ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ከጠነከረ በኋላ ግን አንጸባራቂ ወረቀትንም አጥብቆ ይይዛል፤ መጽሐፉም የተሻለ ይከፈታል። ዋጋው ይጨምራል። መጽሐፍዎ ወፍራም ከሆነ ወይም ፎቶ ከበዛበት ጭማሪው የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

የክር ስፌት ሌላ ደረጃ ነው። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ይታጠፋል፤ እያንዳንዱ እጥፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። እጥፎቹ በክር ተሰፍተው ይያያዛሉ፤ ከዚያ ኮላው ይመጣል። መዝገበ ቃላት፣ የማጣቀሻ መጽሐፍ፣ ለዓመታት የሚገለጥ ማንኛውም ሥራ ይህን ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

ብዙ ሰው የሚታለልበትም እዚሁ ነው። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ መጽሐፍ ሁሉ በክር የተሰፋ ይመስለዋል። አይደለም። ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ውስጣቸው በኮላ ብቻ የተያዘ መጻሕፍት ሞልተዋል። ለይቶ ማወቅ ይቻላል። መጽሐፉን ከላይ፣ በስፓይኑ በኩል ይመልከቱት። ትንንሽ የታጠፉ ጥቅሎች ጎን ለጎን ከታዩ፣ መሃላቸው ሲገለጥም ክር ካለ፣ ተሰፍቷል ማለት ነው። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ቀጥ ብለው ኮላ ውስጥ ከገቡ አልተሰፋም። «ሃርድ ከቨር ይሁንልኝ» ብቻ ብለው አይዘዙ። «ሃርድ ከቨር፣ ውስጡ በክር የተሰፋ» ብለው ያጽፉ።

መልመጃ የሚሠራበት ወይም ሥራ ላይ ተዘርግቶ የሚታይ መጽሐፍ ከሆነ ስፓይራልም፣ በጥምዝምዝ ሽቦ ወይም ፕላስቲክ የሚያያዘው፣ አይናቅም። ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ይተኛል። ስፓይን ስለማይኖረው ግን መደርደሪያ ላይ ርዕሱ አይታይም።

የወረቀቱን የቃጫ አቅጣጫ አለመጠየቅ

ይህን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ወረቀት ሲመረት ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። በመጽሐፍ ውስጥ ይህ አቅጣጫ ከስፓይኑ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። አግድም ከሆነ ገጹ ሲገለጥ ይገተራል፤ እርጥበት ሲነካው ጥራዙ አጠገብ ይሞገዳል፤ ኮላውንም ያስጨንቀዋል። ስህተቱ የሚፈጠረው አንዳንዴ ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል ገጾቹ ዞረው ሲደረደሩ ነው። ናሙናው ላይ መፈተን ቀላል ነው። አንዱን ቅጠል በሁለቱም አቅጣጫ ቀስ ብለው ይጠቅልሉት። በቀላሉ የሚታጠፈው ከቃጫው ጋር ትይዩ የሆነው ነው።

«ነጭ ከሆነ ይበቃል» ማለት

ረጅም ጽሑፍ ላለው ልብ ወለድ ወይም ታሪክ ክሬም መልክ ያለው፣ የማያንጸባርቅ ወረቀት ለዓይን ይመቻል። በጣም ሳስቶ የኋላው ገጽ ጽሑፍ ወደ ፊት ካሳየ ግን ማንበብ ያደክማል። ስለዚህ ናሙናውን በሁለቱም ፊት አሳትመው ይዩት። አርት ፔፐር ፎቶን ያደምቃል፤ በመብራት ሥር ለረጅም ንባብ ግን ዓይን ይወጋል። ፎቶዎቹ ጥቂት ከሆኑ እነሱን ሰብስቦ በአንድ እጥፍ አርት ፔፐር መሃል ላይ ማስገባት የቆየና ጥሩ ዘዴ ነው።

ከወረቀቱ ጋር የገጹን ብዛትም አብረው ያስቡ። በ16 ገጽ እጥፍ የሚታተም መጽሐፍ 192 ገጽ ቢሆን ልክ 12 እጥፍ ነው። 194 ከሆነ ግን ለሁለት ገጽ ሲባል ተጨማሪ እጥፍ ይመጣል፤ ወይ ባዶ ገጽ ይበዛል፣ ወይ ወጪ ይጨምራል። አንድ ምዕራፍ ላይ ሁለት አንቀጽ ማጥበቅ ይህን ሊያድን ይችላል።

ጽሑፉን ወደ ጥራዙ ማስጠጋት

በኮላ የተጠረዘ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ስለዚህ በጥራዙ በኩል ያለው ህዳግ ከመጽሐፉ ውፍረት ጋር ማደግ አለበት። እስከ 150 ገጽ ወደ 10 ሚሊሜትር፣ እስከ 300 ገጽ ወደ 13፣ እስከ 500 ገጽ ወደ 16 ሚሊሜትር እንደ ትንሹ ልክ ይውሰዱት። እኔ ከዚህም ሰፋ ቢል እመርጣለሁ። እስከ ገጹ ጠርዝ የሚደርስ ፎቶ ወይም ቀለም ካለ ደግሞ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊሜትር አልፎ መሄድ አለበት። አለበለዚያ ሲከረከም ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል።

በዎርድ ፋይል ማስረከብ

ዎርድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መስመሩ ይሸሻል። የተጠቀሙበት የግዕዝ ፎንት እዚያ ከሌለ ፊደሉ በሌላ ይተካል ወይም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ፎንቱ ውስጡ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይስጡ፤ ከዚያም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያገላብጡት።

የሽፋኑ ቀለም ስክሪን ላይ ያየነው አይሆንም። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳየው፣ ማተሚያ ደግሞ በአራት ቀለም ነው የሚያትመው። ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ በተለይ ይደበዝዛሉ። ዲዛይነሩ ከመጀመሪያው ለህትመት በሚሆነው የአራት ቀለም አሠራር ይሥራ። የውስጡ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን፤ ከአራቱ ቀለማት ተደባልቆ የተሠራ ጥቁር ትንሽ ከተንሸራተተ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ፎቶዎች በሚታተሙበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይኑራቸው። በቴሌግራም ሲላኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ ጥራታቸው ይወርዳል።

ሽፋኑን በእጅ ሳይነኩ መምረጥ

ላሚኔሽን ሽፋኑ ላይ የሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ ነው። ማት ላሚኔሽን ያምራል። ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ሽፋን ላይ ግን የጣት አሻራና ጭረት ቶሎ ያሳያል። ግሎሲ ቀለሙን ያደምቃል፣ ለመጥረግም ይመቻል። ብዙ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር መጽሐፍ እኔ ወደ ግሎሲ አደላለሁ። የሽፋኑ ወረቀት ከ250 እስከ 300 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ሳስቶ በአንድ ፊት ብቻ ላሚኔት ከተደረገ ወረቀቱ እርጥበት ሲስብ ፕላስቲኩ አይስብም፤ ሽፋኑም ይጠቀለላል።

የወርቅ ቅብ፣ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ የወጣ ፊደልና በከፊል የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁሉንም በአንድ ሽፋን ላይ መደርደር አያስፈልግም። አንዱን ይምረጡ፤ በጣም ቀጭን ፊደል ላይ ግን አያውሉት።

ባርኮዱን መጨረሻ ላይ መለጠፍ

አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ 13 አሃዝ ነው፤ ባርኮዱ የሚሠራውም ከዚህ ቁጥር ነው። ለስላሳ ሽፋኑና ጠንካራ ሽፋኑ የየራሳቸው ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። የባርኮዱ መደበኛ ልክ ወደ 37 በ26 ሚሊሜትር ነው፤ ከ80 በመቶ በታች አያሳንሱት። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ይሁን። ከሽፋኑ ጋር እንዲስማማ ብሎ ቀይ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው፤ የብዙ ማንበቢያዎች ብርሃን ቀይ ስለሆነ መስመሮቹ አይታዩትም።

በነጠላ ዋጋ ተማርኮ ብዙ ኮፒ ማዘዝ

የኦፍሴት ህትመት ፕሌት፣ ማለትም የገጹ ምስል የሚቀረጽበት ሳህን፣ ይፈልጋል። የፕሌቱና የማሽን ማስተካከያው ወጪ 100 ቢታተምም 3000 ቢታተምም ያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። የዲጂታል ህትመት ግን ፕሌት የለውም፤ ለትንሽ ኮፒ ይረክሳል፣ ሲበዛ ግን ዋጋው እምብዛም አይቀንስም። «አንዱ በዚህ ዋጋ ይወጣል» የሚለው ቁጥር ያጓጓል። ነገር ግን የሚከፍሉት ለጠቅላላው ነው፤ ያልተሸጠውንም የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት። በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ ጥራዝና ሽፋን ለሦስት የተለያዩ የኮፒ ብዛቶች ዋጋ ያስወጡ። የመጀመሪያ መጽሐፍ ከሆነ ከትንሹ መጀመር ይሻላል። በመጀመሪያው ህትመት የታየ ስህተት በሁለተኛው ይታረማልና።

ናሙና ሳያዩ «ይታተም» ማለት

ስክሪን ላይ ያለ ፒዲኤፍ ጥራዙን፣ ወረቀቱንና ቀለሙን አያሳይም። ታትሞ የተጠረዘ አንድ ናሙና ይጠይቁ። የገጹን ቅደም ተከተል፣ የስፓይኑን ርዕስና ህዳጉን ያረጋግጡ፤ መሃሉን ከፍተው ትንሽ ይጫኑት። ኮላው ፒዩአር ከሆነ ግን እስከ ማግስቱ ይታገሱ። በውሉ ላይ የወረቀቱ ግራምና ዓይነት፣ የኮላው ወይም የስፌቱ ዓይነት፣ ላሚኔሽኑ፣ እንዲሁም ኮፒው ከታዘዘው ቢበዛ ወይም ቢያንስ ክፍያው እንዴት እንደሚሆን ይጻፍ።

ርክክብ ላይ ከላይ ያለውን ካርቶን ብቻ ከፍተው አይፈርሙ። ከተለያዩ ካርቶኖች ጥቂት ጥቂት አውጥተው ያገላብጡ። የጎደለ እጥፍ፣ ተገልብጦ የገባ ገጽና ጠማማ ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተወሰነ ክምር ውስጥ ብቻ ነው።