የማይለጠጥ የቁልፍ ማንጠልጠያ በኪሮሽ

ዳንቴል የለመደ እጅ ይህን ሥራ ቶሎ ይይዘዋል፤ የሚያስቸግረው ልማዱ ነው። ለሶፋና ለቴሌቪዥን መሸፈኛ የሚሠራ ዳንቴል ውበቱ ቀዳዳው ነው፤ ስለዚህ እጅ ላላ ይላል። በእጅ አንጓ የሚንጠለጠል የቁልፍ ማሰሪያ ግን ቀዳዳ አይፈልግም። ድፍን፣ ጠጠር ያለ፣ ሲጎትቱት የማይረዝም መሆን አለበት። በኪሮሽ የተሠሩ ማሰሪያዎች የሚበላሹት በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ ተለጥጠው ከእጅ ይወልቃሉ፣ ወይ ብረቱን የሚነካው ቦታ ተፈግፍጎ ይበጠሳል።

የመለጠጡ ነገር የሚወሰነው ገና ሲጀመር ነው። ብዙ ሰው አምስት ስድስት ሰንሰለት (ክሩን ዓይን በዓይን ውስጥ እየሳቡ የሚሠሩትን መነሻ) ጥሎ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ 30 ሳንቲ ሜትር እስኪሞላ ይሠራል። ቀላል ነው፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ሲጎተት በትንሹ የሚከፈት መገጣጠሚያ ይሆናል። 75 መስመር ቢኖርና እያንዳንዱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢከፈት ማሰሪያው ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ በቁመት ይሥሩት፦ ረጅም ሰንሰለት ጥለው በላዩ ላይ አምስት መስመር ብቻ። ያኔ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸክሙ በሚጎትትበት አቅጣጫ ይሄዳል።

ክሩ ጥጥ ይሁን፤ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ በደንብ የተፈተለ። 20 ሜትር ይበቃል። ለስላሳና ለሹራብ የሚሆን አክሪሊክ አይምረጡ፤ ይለጠጣል፣ ቶሎም ጸጉር ያወጣል። ቤት ያለው ቀጭኑ የዳንቴል ክር ብቻ ከሆነ ሦስቱን ወይም አራቱን አንድ ላይ ይዞ መሥራት ይቻላል፤ ኪሮሹ ግን አንዱን ክር ብቻ እንዳይዝ ይጠንቀቁ። ኪሮሹ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ የብረት። በዚህ ጥብቀት ፕላስቲኩ ይታጠፋል። እጅዎ ላላ ያለ ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር ይውሰዱ። ለሰንሰለቱ ብቻ የሚያገለግል 3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ከብረት ሁለት ነገር፦ ቁልፎቹ የሚገቡበት የተለመደው ድርብ የቁልፍ ቀለበት፣ እና በቦርሳ ማንገቻ ላይ የሚታየው የ«ዲ» ቅርጽ ያለው ብረት፣ የውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር። ቦርሳ የሚጠግኑና ጫማ የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ አይጠፋም። ዲውን ለመቆጠብ ብሎ ክሩን በቀጥታ ድርብ ቀለበቱ ላይ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። የድርብ ቀለበት ጫፍ ስለታም ነው፤ በዞረ ቁጥር ክሩን ይልጠዋል። ዲው ሲገዛ መጋጠሚያው የተበየደ መሆኑን በጥፍርዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ክፍተት ካለው ክሩ ውስጡ ገብቶ ይቆረጣል።

ልኩን ለማወቅ አውራ ጣትዎን ወደ መዳፍዎ አጥፈው የእጅዎን ሰፊ ቦታ፣ የጣቶች መነሻ አንጓዎች ላይ፣ በሜትር ይዙሩት። በዚያ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ፦ 2 ለእጅ መግቢያ፣ 3 ጫፎቹ ለሚደራረቡበት፣ 4 ብረቱን ለሚይዘው አንገት። የእጅዎ ዙሪያ 21 ከሆነ የማሰሪያው ቁመት 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

የሰው እጅ ስለሚለያይ የሰንሰለት ቁጥር ከሌላ ሰው አይቅዱ። 20 ሰንሰለት ጥለው ሦስት መስመር ይሥሩና ይለኩ። 8 ሳንቲ ሜትር ከመጣ አንዱ ጥልፍ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ30 ሳንቲ ሜትር 75 ጥልፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ ቁጥር የተጻፈ ነው።

በ3 ሚሊ ሜትሩ ኪሮሽ 76 ሰንሰለት ይጣሉ፤ የክሩን መነሻ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስቀሩ። ከዚያ ወደ 2.5 ይቀይሩና ሰንሰለቱን ይገልብጡት። ጀርባው ላይ እንደ አከርካሪ የተደረደሩ ጉብታዎች ይታያሉ። ከኪሮሹ ሁለተኛው ጉብታ ጀምረው በእያንዳንዱ ላይ አንድ አጭር ጥልፍ ይሥሩ፤ አጭር ጥልፍ የምንለው ክሩን አስቀድሞ ሳይጠመጥሙ ገብተው ክሩን ስበው፣ ኪሮሹ ላይ ሁለት ዓይን ሲኖር በአንዴ የሚዘጉትን ነው። መጨረሻ ላይ 75 ይቁጠሩ። ጀርባው ላይ መሥራት መጀመሪያ እጅ ያዝላል፣ ግን የሰንሰለቱ የፊት ሽሩባ ሳይነካ ስለሚቀር የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ጋር አንድ ይመስላል።

ከዚያ አንድ ሰንሰለት ወጥተው ይዙሩ፤ ከጥልፉ አናት ሁለቱንም ክር ይዘው 75 ይሥሩ። እስከ አምስተኛው መስመር እንዲሁ። ስፋቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ዲው ውስጥ ሳይጨማደድ መግባት አለበት። ጠበብ ካለ ስድስተኛ መስመር ይጨምሩ። በመጨረሻም ዙሪያውን በሙሉ በማያያዣ ጥልፍ ይክበቡት፦ ይገቡና ክሩን ስበው በቀጥታ ኪሮሹ ላይ ባለው ዓይን ውስጥ ያሳልፉታል። ይህንንም በ3ቱ ኪሮሽ ይሥሩ፤ ካጠበቁት ጠርዙ ይሸበሸባል። ክሩን 50 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ፣ መስፊያ ይሆናል።

ከመስፋትዎ በፊት ማሰሪያውን በውኃ ይንከሩት፣ በፎጣ ይጭመቁት፤ አንዱን ጫፍ በጠንካራ የልብስ መቆንጠጫ ሰቅለው በሌላው በኩል ውኃ የሞላ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ያንጠልጥሉ። ያ 1 ኪሎ ነው፣ ከተለመደ የቁልፍ እስር ይከብዳል። እስከ ጠዋት ይደር። የሚለጠጠው እዚህ ይለጠጥ። ጠዋት ለክተው ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ እጅዎ ላልቷል፤ ፈትተው በ2 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ እንደገና መሥራት ይሻላል። የሚያናድድ ነው፣ ግን ክሩ አይጠፋም።

አሁን የሚበጠሰው ቦታ። ብዙዎች ጫፉን በዲው አሳልፈው፣ አጥፈው ይሰፉታል፤ ሸክሙ በሙሉ ስፌቱን እየገነጠለ ይወርዳል። እንዲህ ያድርጉት፦ መጀመሪያ ዲውን ማሰሪያው ላይ ያስገቡ። ማሰሪያው አለመጠማዘዙን ካዩ በኋላ ሁለቱን ጫፎች 3 ሳንቲ ሜትር አደራርበው ክብ ያድርጉት። የተደረበውን አራት ማዕዘን ዙሪያውን በመርፌ ይስፉ፣ ከዚያ መሀሉን ከጥግ ወደ ጥግ በመስቀል። ዲውን በተደረበው ቦታ መሀል ላይ ያምጡት። ብረቱ የሚፈገፍገው ድርብ ሆነ ማለት ነው። ከብረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው የማሰሪያውን የግራና የቀኝ ጎን ገጥመው፣ ከጠርዝ ጠርዝ እየተመላለሱ ሦስት ጊዜ ይስፉ። ይህ የታችኛው ስፌት ብረቱ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዛል እንጂ ክብደቱን ብቻውን አይሸከምም፤ ቢፈታ እንኳን ቁልፉ አይወድቅም።

የተረፉትን ጫፎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ መደበቅ አይበቃም፣ ጥጥ ያዳልጣል። 3 ሳንቲ ሜትር ይሂዱ፣ አንድ ጥልፍ ዘለው ይመለሱ፣ እንደገና ይሂዱ፣ ከዚያ ይቁረጡ። እሳት የሚያቀልጠው ሰው ሠራሽ ክርን ነው፤ የጥጥ ጫፍን ክብሪት ያቃጥለዋል እንጂ አያያይዘውም።

ሲሠሩ ማሰሪያው እንደ ሙዝ ከጎበጠ ሰንሰለቱ ከላዩ ካሉት መስመሮች ይጠብቃል። 3 ሚሊ ሜትሩ ኪሮሽ የታዘዘው ለዚህ ነው። ጫፉ እየሰለለ ከሄደ የመጨረሻዋን ጥልፍ እየዘለሉ ነው፤ በየመስመሩ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ጥልፍ ላይ የተለየ ቀለም ክር ምልክት ያስገቡ። በተቃራኒው ጫፉ ከሰፋ የመዞሪያዋን ሰንሰለት እንደ ጥልፍ ቆጥረው ሠርተውባታል።

ሲቆሽሽ በእጅ፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ቁልፎቹን ያውጡ፤ ዲው ግን ተሰፍቶ ስለሚቀር ሲገዙ ማግኔት ያስጠጉበት። ከሳበው ብረት ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑ የተላጠ ቀን ዝገቱ ነጭ ክር ላይ ይቀራል። ነሐስ ማግኔት አይስበውም። ለማድረቅ አያንጠልጥሉት፣ ፎጣ ላይ ዘርግተው ይተዉት።