ተኪላ በወጉ፦ ከኮምቦልቻ ባንኮኒ

ኮምቦልቻ ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ የምሠራ ሰው ነኝ። ተኪላ የሚያዝ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጨውና ሎሚ አስከትሎ ያዛል። ጨዉን ይልሳል፣ መለኪያውን በአንድ ትንፋሽ ይገለብጣል፣ ሎሚውን ይነክሳል፣ ፊቱን ያኮሳትራል። በቃ። እንዴት ነበር ሲባል "ያቃጥላል" ይላል። ሎሚያችን ትንሽ ብትሆንም ኃይለኛ ናት። ጨው ሲጨመርባት ደግሞ አፍ ውስጥ ሌላ ጣዕም አታስገባም። ለርካሽ ተኪላ ይህ ጥሩ መሸፈኛ ነው። ለጥሩው ግን ግፍ ነው። ለዓመታት መሬት ላይ የቆየ ተክል በሁለት ሰከንድ ተውጦ ሲያልፍ ማየት ያንገበግበኛል።

ተኪላን አነጻጽሮ ማጣጣም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስት አራት ጓደኛ ተዋጥቶ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ቢገዛ ለአንድ ምሽት ይበቃል፣ ይተርፋልም። የሚጠይቀው ትንሽ ትዕግሥትና የትኛውን ከየትኛው ጋር ማቅረብ እንዳለባችሁ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ተክሉ። ብዙ ሰው ተኪላ ከቁልቋል የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም፣ ከአጋቬ ነው። የአጋቬን ዘመድ ታውቁታላችሁ። ገመድ የሚሠራበት ቃጫ ራሱ የአጋቬ ዓይነት ነው፣ መነሻውም ሜክሲኮ ነው። ለተኪላ የሚፈቀደው ግን አንዱ ዓይነት ብቻ ነው፣ ሰማያዊ አጋቬ የሚባለው። ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዓመት ይፈጃል። ሂማዶር የሚባሉ ቆራጮች እጀታው ረጅም በሆነ ስለታም መሣሪያ ቅጠሉን ሁሉ መልምለው መሀሉን ያስቀራሉ። እሱ ፒኛ ይባላል፣ አንዱ 40 እና 50 ኪሎ መመዘኑ የተለመደ ነው። ፒኛው ይበስላል፣ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ይብላላል፣ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ እንደኛው ዳግም አረቄ።

አበሳሰሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የጣዕሙ ትልቁ ክፍል እዚያ ነው። በድሮው መንገድ ፒኛው በጡብ ምድጃ ውስጥ በእንፋሎት ቀስ ብሎ ይበስላል፣ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። አንዳንዱ ፋብሪካ በትልቅ የብረት ግፊት ማብሰያ በሰዓታት ይጨርሰዋል። ሌላው ጥሬውን ፈጭቶ ስኳሩን በሙቅ ውሃ አጥቦ የሚያወጣ ማሽን ይጠቀማል። ቀስ ብሎ የበሰለው አጋቬ የሚሸት ነገር አለው። የተቀቀለ ስኳር ድንች ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣውን ጠረን አስቡት፣ ማር ቢጤም አለበት። ጥሩ ተኪላ ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው። ከሌለ ጠርሙሱ የቱንም ያህል ቢያምር አያስደስተኝም።

አሁን ወደ ሱቅ። መለያው ላይ ከሁሉ በፊት 100% የሚለውን ከአጋቬ ስም ጋር ፈልጉ። ካለ ስኳሩ በሙሉ ከሰማያዊ አጋቬ የመጣ ነው። ከሌለና ተኪላ ብቻ የሚል ከሆነ ሚክስቶ ነው። የሜክሲኮ ሕግ ሚክስቶ ውስጥ ከስኳሩ ቢያንስ 51% የአጋቬ እንዲሆን ያስገድዳል፣ የቀረው ከሌላ፣ ብዙውን ጊዜ ከሸንኮራ አገዳ ሊሆን ይችላል። ሕጋዊ መጠጥ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ጣዕሙ ግን ይሳሳል። ሆሴ ኩዌርቮ እስፔሲያል፣ መደበኛው ኦልሜካና ሲየራ ሲልቨር ሚክስቶ ናቸው። ኦልሜካ አልቶስ፣ ኩዌርቮ ትራዲሲዮናል፣ ኤራዱራ፣ ፓትሮንና ዶን ሁሊዮ 100% ናቸው። ከአንዱ ቤት ሁለቱም ዓይነት ሊወጣ ስለሚችል በስሙ ብቻ አትግዙ፣ መለያውን አንብቡ። ኖም (NOM) የሚሉ ፊደላትና አራት አሃዝ ያለው ቁጥርም ታገኛላችሁ። የአምራቹ መለያ ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ጠርሙሶች አንድ ቁጥር ከያዙ የአንድ አምራች ልጆች ናቸው።

ክዳኑንም በደንብ እዩ። ማሸጊያው የተነካካ ወይም የተላጠ ጠርሙስ ዋጋው ቢቀንስም አትንኩት። ባር ውስጥ ስትጠጡም ጠርሙሱ እፊታችሁ ቢቀዳ ይሻላል። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

ስለ ዕድሜው። ብላንኮ የሚባለው ነጩ ነው። ወይ ወዲያው ይታሸጋል፣ ወይ ከሁለት ወር ላነሰ ጊዜ ይቆያል። ሬፖሳዶ ቢያንስ ሁለት ወር በእንጨት ዕቃ ውስጥ ያርፋል። አኔሆ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ከ600 ሊትር በማይበልጥ በርሜል። ኤክስትራ አኔሆ ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ይህኛው ደረጃ የተጨመረው በ2006 ነው፣ በፈረንጆቹ። ወርቃማ ወይም ኦሮ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የተጨመረበት ሚክስቶ ነው። ወርቅ መምሰሉ ዕድሜ እንዳለው አያሳይም። ክሪስታሊኖ ደግሞ በበርሜል ቆይቶ በከሰል ተጣርቶ ቀለሙን የጣለ ነው። ለስላሳ ነው፣ እኔን ግን ብዙ አይስበኝም።

ብዙ ሰው ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ጥራቱ የሚጨምር ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንጨቱ ቫኒላና ካራሜል ይሰጣል፣ እውነት ነው፣ ግን አጋቬውን እየሸፈነው ይሄዳል። የአንድን ቤት ሥራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ብላንኮውን ቅመሱ። እዚያ መደበቂያ የለም። አንድ ጋሼ የምላቸው ደንበኛ አሉኝ፣ አረቄ ለምደው ያደጉ። ብላንኮ በወይን ብርጭቆ ቀድቼ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ያሽትቱት" አልኳቸው። አሸተቱ፣ ዝም አሉ፣ ደግመው አሸተቱ። "ይሄ'ኮ የበሰለ ነገር ነው፣ ሥራ ሥር ነገር" አሉ። ቀጥዬ አኔሆ ሰጠኋቸው። "ይሄስ ውስኪ ነው" ብለው መልሰው ሰጡኝ። ያዘዙት ብላንኮውን ነው።

ለኛ አገር ሰው በጣም የሚገባ ሌላ ልዩነት አለ፣ ደጋና ቆላ። ተኪላ በብዛት የሚመረተው ሃሊስኮ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ነው። ተኪላ የምትባለው ከተማ ሸለቆው ውስጥ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከኮምቦልቻም በታች። አፈሩ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ሎስ አልቶስ የሚባለው ከፍታ ግን በአራንዳስ በኩል 2,000 ሜትር ይደርሳል፣ አፈሩም ቀይ ሸክላ ነው። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው አንድ ሰብል በሁለት ከፍታ አንድ ዓይነት እንደማይሆን ያውቃል። ከደጋው የሚመጣው ተኪላ ብዙ ጊዜ ጣፋጭነትና የፍራፍሬ፣ የአበባ ጠረን አለው። የሸለቆው ቅጠል ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬና አፈር ይላል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም፣ አሠራሩም ይወስናል። ግን ኤራዱራን ከሸለቆው፣ ፓትሮንን ወይም ኦልሜካ አልቶስን ከደጋው አድርጋችሁ ብላንኮ ከብላንኮ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ልዩነቱ አይሰወራችሁም።

እንግዲህ አቀማመሱ። በአንድ ምሽት ከሁለት ጥንድ በላይ አታወዳድሩ፣ ምላስ ይደክማል። የመጀመሪያው ጥንድ ሚክስቶና 100% ብላንኮ ይሁን። ሁለተኛው የአንድ ቤት ብላንኮና ሬፖሳዶ። የደጋና የቆላውን ለሌላ ቀን አቆዩት፣ ልዩነቱ ረቂቅ ስለሆነ አፍንጫ ትንሽ መልመድ አለበት።

መለኪያውን ተዉት፣ አፉ ሰፊ ሆዱ ጠባብ ነው፣ ጠረን አይዝም። የወይን ብርጭቆ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ። ለአንድ ሰው ለየብርጭቆው 2 ሳንቲ ሊትር ያህል ቅዱ፣ የአንድ ሲንግል ግማሽ ማለት ነው። በረዶ አትጨምሩ፣ ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡ። ቢቻል አንዱ ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይቅዳ፣ ሌሎቹ የትኛው የቱ እንደሆነ አይወቁ። ዋጋ ያየ ምላስ ይዋሻል።

ቀድታችሁ ሰባት ስምንት ደቂቃ ተዉት። ደሴ ላይ ማታ ከሆነ ብርጭቆውን በሁለት መዳፋችሁ እቀፉት፣ ብርዱ ጠረኑን ስለሚዘጋው። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ግን ተቃራኒው ነው። በሙቀቱ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ እኔ ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው የማስቀምሰው። እጣን በሚጨስበት ቤት ደግሞ አትሞክሩት። ቡና የምታፈሉ ከሆነ ቅምሻው ካለቀ በኋላ ይፍላ። ሽቶም በዚያ ምሽት ይቅር።

ስታሸቱ አፋችሁን በትንሹ ክፈቱ፣ አፍንጫን በብርጭቆው ውስጥ አትንከሩት። ከላይኛው ጠርዝ አንድ ጊዜ፣ ከታችኛው ጠርዝ አንድ ጊዜ አሽትቱ። የሚሰማችሁ አንድ አይሆንም። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ትንሽ ትሁን፣ አፍን ማላመጃ ናት፣ በእሷ አትፍረዱ። ሁለተኛዋን አፋችሁ ውስጥ አዙሯት፣ ዋጧት፣ ከዚያ አየሩን በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። የጥሩ ተኪላ ጣዕም እዚያ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሚክስቶው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይጠፋና ጉሮሮ ላይ ማቃጠል ብቻ ይቀራል። በየመሀሉ ውሃና ባዶ ዳቦ ውሰዱ።

ጣፋጭነቱ ከበዛባችሁ ጠርጥሩ። ካራሜል ቀለም፣ የኦክ ጭማቂ፣ ግሊሰሪንና ሽሮፕ እስከ 1% ድረስ መጨመር በሕጉ ተፈቅዷል። ብላንኮ ሆኖ የኬክ ቫኒላ የሚሸት ከሆነ ያ ከአጋቬ አልመጣም። አንድ ጠብታ መዳፍ ላይ አድርጋችሁ እሹት። ሲደርቅ ከተጣበቀ የተጨመረ ስኳር ሊኖር ይችላል። ፍርድ አይደለም፣ ፍንጭ ነው።

የምግቡ ነገር ለኛ ቀላል ነው። ብላንኮ ከጥሬ ሥጋና ከሚጥሚጣ ጋር የተፈጠረ ይመስላል። ሬፖሳዶ ለደረቅ ጥብስ ይስማማል። አኔሆን ከራት በኋላ ብቻውን። ሜክሲኮዎች ተኪላን ሲያጣጥሙ ሳንግሪታ የሚባል አልኮል የሌለው ጭማቂ ጎኑ ያስቀምጣሉ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ይጎነጫሉ። እኔ የአንድ ብርጭቆ ብርቱካን ጭማቂ፣ የሁለት ሎሚ፣ ቁንጥር ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ አድርጌ እሠራዋለሁ። ለቅምሻው ስሠራ በርከት አድርጌ ነው። እኛ አገር የማይጠጣው ከሚጠጣው ጋር አንድ ገበታ ይቀርባል፣ እሱም ባዶ እጁን መቀመጥ የለበትም።

ደሴ ቀምሳችሁ ኮምቦልቻ የምትገቡ ከሆነ መኪናውን ያልጠጣ ይያዘው፣ ወይ እዚያው እደሩ። ሐረጎን በዚህ ላይ አልቀልድበትም።

ሜስካል የሚባለውንም ትሰማላችሁ። እሱ ከብዙ ዓይነት አጋቬ ይሠራል፣ በይበልጥ ኦሃካ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ውስጥ። አጋቬው ብዙ ጊዜ በመሬት ጉድጓድ በጋለ ድንጋይ ስለሚበስል ጭስ ጭስ ይላል። ጠርሙስ ውስጥ ትል ካያችሁም የአንዳንድ ሜስካል ነገር ነው፣ ተኪላ ውስጥ ትል የለም።

የተከፈተ ጠርሙስ ቆሞ፣ በደንብ ተዘግቶ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ከግማሽ በታች ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛበት በጥቂት ወራት ውስጥ ጠረኑ ይደክማል፣ ጓደኛ ጠርታችሁ ጨርሱት። ከውድድሩ የተረፈውን ሚክስቶ ግን አትድፉት። ረጅም ብርጭቆ ውስጥ በረዶ አድርጉ፣ 5 ሳንቲ ሊትር ተኪላ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨው፣ ጥቂት የብርቱካን ወይም ካገኛችሁ የግሬፕፍሩት ጭማቂ ጨምሩ። ከላይ በአምቦ ውሃ ሙሉት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አማስሉ። ጨውና ሎሚው ሥራቸውን የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው።