አሮጌ ላንድክሩዘር ሲታደስ መኪናውንም ኪስንም የሚጎዱ ስህተቶች

መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች በጨረታ የሚያወጧቸው አሮጌ ላንድክሩዘሮች ፈላጊያቸው ብዙ ነው። በተለይ 75 እና 78 የሚባሉት ሀርድቶፖች፣ እንዲሁም 79 ፒክአፑ። ሰው ቢፈልጋቸው አይገርምም። ይህ የ70 ቤተሰብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ1990 ደግሞ 1ኤችዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ገባለት። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለው፣ ውስብስብ ኤሌክትሮኒክስ የለው። ከከተማ የራቀ መካኒክ በመፍቻና በልምዱ ያስነሳዋል።

ይሁንና ከዕድሜው ይልቅ እድሳቱ የጎዳው መኪና ብዙ አይቻለሁ። ባለቤቱ መቶ ሺዎች አፍስሶበት፣ ጎማው ገዝፎ፣ መብራቱ በዝቶ፣ ግን አዋሽን ሳያልፍ ሞቆ የቆመ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከቅደም ተከተል ነው። መኪናው መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ጤና መመለስ አለበት። ማሻሻሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይሄን ሥርዓት ከመገልበጥ የሚመጡ ናቸው።

በቀለም መጀመር

ቀለም ቶሎ ይታያል፣ ደስም ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከቀለም የሚጀምረው። ችግሩ ስቱኮ ተደፍኖበት የተቀባ ዝገት ከውስጥ መብላቱን አያቆምም።

ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። የፊት መስታወቱ ሥር፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ፣ ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ቅስት ላይ ያስጠጉት። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ምንጣፉንም ገልጠው የሹፌሩን እግር ማሳረፊያ ይዩ። ከዚያ ከመኪናው ሥር ገብተው ሻንሲውን (አካሉ የተቀመጠበትን የብረት አጽም) በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተበላው ደፈን ያለ ድምፅ ያሰማል።

አፋር ውስጥ በአፍዴራ ወይም በዳሎል ጨው አካባቢ ሲሠራ የኖረ መኪና ከሆነ ይሄን ፍተሻ ሁለት ጊዜ ያድርጉት። ጨው የሻንሲውን ውስጠኛ ክፍል ይበላል፤ ላዩን ግን ምንም አይመስልም።

ሲሞቅ ቴርሞስታቱን ማውጣት

መኪና ሲሞቅ ብዙ ጋራዥ የሚሰጠው የመጀመሪያ መፍትሄ «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚል ነው። እባክዎ ይሄንን እምቢ ይበሉ።

ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን እንደሚዘጋና ሲሞቅ እንደሚከፈት ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ከሥሩ ያለችውን ሁለተኛ ክዳን ነው። ውሃው በራዲያተር በኩል እንዲያልፍ መንገዱ ሲከፈት፣ እሷ ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ሞተር ውስጥ የሚዞርበትን አቋራጭ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ከወጣ ያ አቋራጭ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከፊሉ ውሃ ሳይበርድ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ናፍጣ ይበላል። ዳገት ላይ ጭነት ሲይዝ ደግሞ ያው መሞቁ አይቀርም።

የሙቀት መንስኤው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ ክፍት ዕቃ ላይ ሲጣድ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግፊቱን ይለቃል። ለጥቂት ብር የሚቀየር ክዳን ስንት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) አበላሽቷል! ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ይቀይሩ።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት ይዩ። አፈርና ሳር ከደፈነው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ ይታጠብ። ከዚያ ፋኑን ይፈትሹ። በዚህ ሞተር ላይ ፋኑ በወፍራም ዘይት የሚሠራ ማያያዣ አለው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅዎ ሲገፉት ያለምንም ተቃውሞ ዝም ብሎ ከዞረ ማያያዣው ደክሟል ማለት ነው። በቡሎን አስሮ ሁልጊዜ እንዲዞር ማድረግ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። የሞተሩን ጉልበት ይበላል፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡም ፋኑ ተጣሞ ራዲያተሩን ሊቀድደው ይችላል።

የመንገድ ዳር ውሃ ብቻ መሙላትም ይቅር። ኩላንት የመፍያ ነጥቡን ከፍ ከማድረጉ በላይ የውስጡን ብረት ከዝገት ይጠብቃል። የዚህ ሞተር ቴስታታ ደጋግሞ ከሞቀ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። አንዴ ከተሰነጠቀ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መቀየር አያድነውም።

«ጉልበት የለውም» ብሎ ናፍጣ መጨመር

አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባህር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ብልሽት አይደለም፣ የአየሩ ጉዳይ ነው። እንጦጦን ሲወጣ የሚያቃስተው መኪና ሚሌ ሲደርስ የሚፈነጥዘው ለዚህ ነው።

መካኒኩ የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን ቡሎን አዙሮ ናፍጣ ሲጨምር ሞተሩ ለጊዜው የበረታ ይመስላል። የተጨመረው ናፍጣ ግን የሚቃጠልበት አየር የለውም። ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ፒስተኑና ቴስታታው ይከፍሉበታል። ከዚህ ይልቅ የአየርና የናፍጣ ፊልትሮዎቹን ይቀይሩ። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አውጥተው በመሣሪያ ያስፈትሹ። የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየሩን የመጭመቅ አቅም) ያስለኩ። የጠፋው ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ቱርቦ መግጠምስ? ለደጋ አገር ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔም እደግፈዋለሁ፣ ግን ሞተሩ ጤነኛ ከሆነና በልክ ከተሠራ ብቻ። 1ኤችዜድ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተነደፈ ሞተር ነው፤ የኮምፕሬሽን መጠኑ ከ22 ለ1 ይበልጣል። ስለዚህ ግፊቱ ከግማሽ ባር ብዙም እንዳያልፍ ይደረግ። የጭስ ሙቀት የሚያሳይ ጌጅም ሹፌሩ ፊት ይግባ። «ጌጁ ይቅር፣ እኔ በድምፁ አውቀዋለሁ» ለሚል ባለሙያ መኪናዎን አይስጡ። ድምፁ ሲቀየር ፒስተኑ ቀልጧል።

ታይሚንግ ቤልቱን ሳይቀይሩ መንዳት

በጨረታ የተገዛ መኪና ኪሎሜትሩ የሚናገረውን አይመኑ። ይህ ሞተር ታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ ቀበቶ) አለው። በየ100,000 ኪሎሜትሩ እንዲቀየር መብራት ይበራል፤ መብራቱን ግን ሳይቀይሩም ማጥፋት ይቻላል። ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። መኪናው እጅዎ በገባ ሳምንት ቤልቱንና መወጠሪያውን ይቀይሩ፤ ለሌላ ወጪ ብለው አያዘግዩት።

ሌላውን ሳያስተካክሉ ከፍ ማድረግ

በብዛት የማየውና በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሰው መኪናው ከፍ ብሎ እንዲታይ ከጭነት መኪና የመጣ ቅጠል ባሌስትራው (መኪናውን የተሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) ላይ ያስጨምራል። መኪናው ከፍ ይላል፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ይዘላል፣ ጎማው ኮረኮንች ላይ መሬት አይቆነጥጥም። ድንጋጤው ሁሉ ወደ ሻንሲው ይሄዳል፣ የባሌስትራው ማሰሪያም ይሰነጠቃል።

ከፍ ሲል አብሮ የሚቀየረው ነገር ብዙ ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ ያጥራሉ፤ አክስሉ ወደ ታች ሲወርድ ይወጠራሉ። የፊት አክስሉ ማዕዘን ይዛባና መሪው ራሱን መመለስ ይተዋል። አሞርዛተሮቹም ልካቸው አይበቃም።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ከኋላ አክስል በላይ ሻንሲው ላይ የተቀመጠችው ቫልቭ ናት። በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዛለች። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ቫልቯም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ግፊቱን ትቀንሳለች። መኪናው በባሌስትራ ከፍ ሲል ቫልቯ «ባዶ ነው» ብላ ታስባለች። አስር ሰውና ዕቃ ጭነው እንኳ የኋላ ፍሬኑ በሙሉ አቅሙ አይሠራም። ሥራው ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ይሄን ይዘው ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ያስቡት። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። የፊት ፍሬን ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቅተዋል። የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፦ መኪናዎ ከፍ ካለ የቫልቯ ዘንግ በልኩ ይስተካከል፣ ቱቦዎቹ በረዘሙ ይቀየሩ። ለአብዛኛው ሥራ 5 ሳንቲሜትር ከፍታ ከበቂ በላይ ነው። ለዚያውም ለዚህ መኪና ተብሎ በተሠራ ሙሉ ባሌስትራና አሞርዛተር እንጂ በተጨመረ ቅጠል አይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1999 የዚህ መኪና የፊት ባሌስትራ በጥቅል ስፕሪንግ ተተክቷል። ለ75 የተባለው ዕቃ ለ78 ፊት አይሆንም። ሶማሌ ተራ ሄደው «የላንድክሩዘር» ብቻ ብለው አይጠይቁ። ሞዴሉንና የተሠራበትን ዓመት ይዘው ይሂዱ።

ጎማና ቸርኬ በመልክ መምረጥ

የድሮው መለኪያ 7.50 በ16 ነው። ቀጭን ይመስላል፤ ግን ጭቃውን ሰንጥቆ ደረቅ መሬት ይይዛል፣ ኮረኮንችም ይችላል። ሰፊ ጎማ ለአሸዋ ጥሩ ነው። ባለ 35 ኢንች ከተገጠመ ግን ማርሹ ሁሉ ወደ 10 በመቶ ይከብዳል። ደጋ ላይ ቀድሞውኑ ጉልበት ላጠረው ሞተር ይሄ ትልቅ ቅጣት ነው። ፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ያሳያል።

ቸርኬ ሲገዙ ቡሎኖቹን ይቁጠሩ። 75 ባለ 6 ቡሎን ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ያሉት 78 እና 79 ባለ 5 ናቸው። ባለ ቀለበት ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ጎሚስታው ንፋስ ሲሞላ ፊት ለፊቱ አይቁሙ። ቀለበቱ በትክክል ካልተቀመጠ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል።

የመሪ መንቀጥቀጥን በአሞርዛተር መደበቅ

ጉድጓድ ሲመታ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ብዙዎች የመሪውን አሞርዛተር ይቀይሩና ዝም ይላል፤ ለጥቂት ወር። ችግሩ ያለው በፊት አክስሉ ጫፍ ባሉት ኩሽኔታዎች ወይም በመሪ ማያያዣዎቹ ነው። ፊቱን በክሪክ ያንሱና ጎማውን ላይና ታች ይዘው ይወዝውዙት። ልቅነት ካለ ተፈትቶ ይሠራ። ሲፈታም ግሪሱን ይዩ። ቀጥኖ እንደ ሾርባ ከሆነ የውስጠኛው ጎሚኒ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት እየገባ ነው።

እግረ መንገድ፦ ፎር ዊል አስገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት ይቅር። በዚህ መኪና የፊትና የኋላው ጎማ እኩል እንዲዞር ይገደዳል፤ ኩርባ ላይ ማርሾቹ እርስ በርስ ይታገላሉ።

ስኖርክል ገጥሞ አቧራውን መርሳት

ስኖርክል (ሞተሩ አየር የሚስብበት ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቱቦ) የሚገጠመው ለወንዝ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ አየሩን ከአቧራው ደመና በላይ መሳቡ ነው። ግን መጋጠሚያዎቹ በደንብ ካልታሸጉ ጌጥ ብቻ ነው። ቀላል መፈተኛ አለ። አቧራማ መንገድ ተነድቶ ከተመለሰ በኋላ ከፊልትሮው ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ይፍቱ። ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ደቃቅ አፈር ከወጣ ሞተሩ በየቀኑ እየተሞረደ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በኃይለኛ ኮምፕሬሰር አይነፋም፤ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይፈጠርበታል።

መብራትና ፖርቶባጋልዮ

ባጭሩ። ሁለት ባትሪ ስላየ ብቻ ሁሉም መኪና 24 ቮልት ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ ተጣምረው 12 ቮልት ናቸው። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ያስለኩ። ለተጨማሪ መብራት ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ሪሌም ይኑረው። ጣሪያ ላይ ደግሞ ቀላል ዕቃ ብቻ ይጫን። የናፍጣ ጀሪካንና መለዋወጫ ጎማ ላይ ሲወጡ መኪናው ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ሊብሬውን መርሳት

ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ከቀየሩ የሞተሩን ሕጋዊ የግዢ ማስረጃ ይያዙና ለውጡን ያስመዝግቡ። ሀርድቶፑን ቆርጠው ፒክአፕ ለማድረግ ካሰቡ ብረት ከመቆረጡ በፊት ይጠይቁ። አለበለዚያ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ወይም ሲሸጡ ጣጣው ይመጣል።

የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተመትቷል። ዝገት የሚያጸዳው ሰው በሞላ ማሽን እንዳይነካው፣ በያጁም እንዳይደርስበት አስቀድመው በቴፕ ይሸፍኑት። በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ሥራው ሲያልቅ ስስ ግሪስ ይቀቡት።